ኤኬራውን የጠየቀችው ጎረቤቴ

«ጣረሞት» የሚለው ቃል ከእናቴ አፍ አይጠፋም ነበር፤ ስለ ሙታን ስትናገርበት ግን ብዙ አልሰማኋትም። ቤቶች ሳይል በር ላይ ድንገት የቆመ ሰው «እንደ ጣረሞት ድቅን አለብኝ» ይባላል። ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት የተመለሰ ነጋዴ «ጣረሞት መስሎ መጣ» ይባላል። እኔም አዲስ አበባ አክስቴ ቤት ተቀምጬ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ስመለስ፣ ሻንጣዬን ገና ሳላወርድ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ምን እያበሉሽ ነው ጣረሞት ያስመሰሉሽ?» አለችኝ። እንኳን ደህና መጣሽ ያለችኝ ከዚያ በኋላ ነው።

የተወለድኩትም ያደግሁትም ነቀምቴ ነው። አባቴ ከሸዋ የመጣው ለግምጃ ቤት ጸሐፊነት ሲሆን እናቴ ኦሮምኛ የምትናገረው ገበያ ላይ ዋጋ ለመከራከር ያህል ብቻ ነበር። እኔ ግን ከጎረቤት ልጆች ጋር ስላደግሁ በሁለቱም ቋንቋ እጫወት፣ በሁለቱም እጣላ ነበር። ሁለት ቋንቋ ይዞ የሚያድግ ልጅ አንዱን ቃል በሌላው መመዘን ይለምዳል። ያ ልማድ እስካሁን አልተወኝም።

ከአዲስ አበባ እንደ ተመለስኩ በከተማው የሴቶች ትምህርት ቤት ትንንሾቹን ማስተማር ጀመርኩ። አንድ ቀን ተረት ሳነብላቸው ጣረሞት የሚል ቃል መጣ፤ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ከፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን ሳታወጣ «ኤኬራ ነው፣ እትዬ» አለች። ወዲያው ክፍሉ ጸጥ አለ። አጠገቧ የተቀመጠችው በክርኗ ጎሸመቻት። ልጅቷም አንገቷን ደፋች፤ ስድብ የተናገረች ትመስል ነበር።

ቃሉን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ጮክ ብሎ ሲነገር ግን ሰምቼ አላውቅም። ትልልቅ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚሉት፣ ልጅ ሲገባ የሚያቋርጡት ቃል ነበር። ያን ለታ ጸጥታው ከቃሉ ይልቅ አስገረመኝና መጠየቅ ጀመርኩ።

በመጀመሪያ የጠየቅኋቸው የእናቴን የነፍስ አባት ነው። ጣዕር ማለት የነፍስ መውጫ ጭንቅ ነው አሉኝ፤ ጣዕረ ሞት ማለትም የሚሞት ሰው የሚይዘው ያ ጭንቅ ነው።

«ታዲያ አባ፣ ከጭንቁ ተነሥቶ በጨለማ ወደሚታየው ነገር እንዴት ተሻገረ?»

«እኔ አላሻገርኩትም፤ ሕዝቡ ነው ያሻገረው» አሉና መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ጥያቄ ሲበዛባቸው መስቀል ማሳለም ልማዳቸው ነበር።

ሁለተኛ የጠየቅኋት ከአጥራችን ማዶ የምትኖረውን ጎረቤታችንን ነው። በዕድሜ እኩያዬ ናት። እኔ አዲስ አበባ ስሄድ እሷ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ማንበብና ስፌት ተምራ፣ ተድራ፣ ሁለት ልጅ ወልዳ ቆየችኝ። በእጅ የሚዞር የስፌት መኪና ነበራትና የተማሪዎቹን ልብስ የምትሰፋው እሷ ነበረች። ከሰዓት በኋላ አጥሩ ላይ በከፈትነው ቀዳዳ አልፌ እሄዳለሁ፤ እሷ ትሰፋለች፣ እኔ ጠርዝ እዘመዝማለሁ።

«ጣረሞትና ኤኬራ አንድ ናቸው?» አልኳት።

መኪናዋን አቆመች። «የእናንተው ጣረሞት የማን ነው?»

«እንዴት የማን?»

«የማን ልጅ ነው? የማን ባል ነው?»

አሰብኩት። ጣረሞት የማንም አልነበረም። እናቴ ከምትጠቅሳቸው ጣረሞቶች አንዱም ስም ወይም ዘመድ አልነበረውም፤ ድቅን ማለት ብቻ ነው ሥራው።

«የማንም አይደለም» አልኳት።

«ኤኬራ ግን የሰው ነው። የእገሌ ኤኬራ ይባላል እንጂ እንዲሁ ኤኬራ አይባልም። ሰው ሲሞት የሚቀረው ነው። እናቱን ያውቃታል፣ ከብቱን ያውቃል። ጠሪ አለው፤ ሲጠሩት መጥቶ ይናገራል ይላሉ።» ከዚያ በጥርሷ ክር በጠሰችና «እኛ ሚሲዮኖች ግን አንጠራም» አለች።

ይህን ስታስረዳኝ ነገሩ የራሷ ጉዳይ መሆኑን አላወቅሁም ነበር።

ባሏ የአንድ ነጋዴ በቅሎ ነጂ ነበር። ከደምቢ ዶሎ ቡና ተጭኖ ጋምቤላ ይወርዳል፤ በክረምት ባሮ ሲሞላ ከሱዳን የሚመጡት መርከቦች እዚያ ይረከቡታል። ይህን ከመነጋገራችን ከዓመት በፊት በነበረው ክረምት እንደ ወትሮው ሄደ። ለመስቀል ጓደኞቹ ያለ እሱ ተመለሱ። ትኩሳት ያዘው፣ መራመድ ሲያቅተው አንድ መንደር ሰዎች ቤት ተውነው፣ ኋላ ሞተ ሲባል ሰማን አሉ። ሲሞት ያየ፣ ሲቀበር የቆመ ግን ከመካከላቸው አልነበረም። ወገኖቹ አለቀሱ፤ እናቱ ሬሳ ስላላየች ላልቅስ ወይስ ልጠብቅ እንዳለች ቀረች። ሚስቱ ግን ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጣ አላለቀሰችም፤ ጸጉሯንም አልተቆረጠችም። «ያየ ሰው ይምጣ» ብቻ አለች። እንደዚያ ብላ ዓመት አለፋት።

በወለጋ ልማድ ባል የሞተባትን ሴት የባሏ ወንድም ይወርሳታል፤ ዳላ ይሉታል። ቤቱ እንዳይዘጋ፣ ልጆቹ ከወገን እንዳይወጡ ነው። በልማዱ ላይ አልፈርድም፤ ብዙ ሴቶችን ከነልጆቻቸው ከመንገድ አድኗል። የእሷ ባል ወንድም ግን ከጉቴ ወዲያ ገጠር የሚኖር፣ ሚስትና ብዙ ልጆች ያሉት ገበሬ ነበር። ከወረሳት ከተማውን፣ የልጆቹን ትምህርትና የስፌት ሥራዋን ትታ ሁለተኛ ሚስት ሆና መግባቷ ነው። ቤተ ክርስቲያኗም ያንን አይፈቅድም። ባሏ ሞቷል የሚል ማረጋገጫ እስካልተገኘ ድረስ ሊወስዳት የሚችል አልነበረም፤ እሷም ያንን ይዛ ቆማ ነበር።

አማቷ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ከዘንግ የቀጠነች፣ ድምፅዋ ግን ከመንገድ ማዶ የሚሰማ አሮጊት ነበረች። እኔ ጠርዝ እየዘመዘምኩ ነው።

«ኢንታሎ፣ ዛሬ ልለምንሽ ነው የመጣሁት» አለቻት። ልጅት ማለቷ ነው። «ጉቴ አጠገብ ኤኬራ የምትጠራ አለች። እንሂድ። ሞቶ ከሆነ ይመጣል፤ በሕይወት ካለ አይመጣም። ምን ያስፈራሻል?»

«ሃይማኖቴ አይፈቅድም።»

«ሃይማኖትሽ ልጄን ሊያመጣልኝ ነው? ዓመት ሙሉ ላልቅስ ወይስ ልጠብቅ እንደሆነ ሳላውቅ ቁጭ ብዬአለሁ። ምጣዴን ጥጄ እሳት እንደሌለኝ ሴት ነኝ።»

«አዴ» አለቻት፣ እናቴ እንደ ማለት፤ «ጠሪዋ የፈለገችውን ብትናገርስ?»

«እሷ መች ትናገራለች? እሱ ነው የሚናገረው። እሱ ያለውን ደግሞ እኔም ልጄም ሌላም ሰው አንሽረውም። ብሉ ካለ እንበላለን፣ ተዉ ካለ እንተዋለን።»

ጎረቤቴ የጨርቁን ጫፍ በጣቷ እያሻሸች ብዙ ቆየች። የመጨረሻውን ቃል በልቧ እያዞረችው እንደነበር ያኔ አልገባኝም።

«እሺ» አለች። «እሄዳለሁ።»

አሮጊቷ ይህን አልጠበቀችም መሰለኝ፤ ለመከራከር ያዘጋጀችው ሁሉ በአፏ ቀረ። «ከወገንሽ የሚሰማልሽ ሰው ይዘሽ ነይ» ብላ ሄደች። ኤኬራ ሲጠራ ከሁለቱም ወገን ሰሚ መኖር አለበት፤ ኋላ ላይ ነገሩ እንዳይጣመም ነው። የጎረቤቴ ወገን ሩቅ ጊምቢ ነው። ዞር ብላ አየችኝ።

«ሂሪያ ኮ» አለችኝ፤ ጓደኛዬ ማለት ነው። «ቃል ትወጂ የለ? ነይ ስሚልኝ።»

«እኔ የወገንሽ ነኝ?»

«አጥሬን ቀድደሽ የምትገቢ ሌላ ማን አለ?»

ለእናቴ ጉቴ ለልብስ ስፌት ጉዳይ እንሄዳለን አልኳት። «ስትመለሽ የቅቤ ዋጋ ጠይቂልኝ» አለችኝ።

ጠዋት ተነሥተን በእግር ሄድን። አማቷና የባሏ ወንድም ከፊት፣ እኛ ከኋላ። ሰውየው ትልቅ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሴቶቹ ወደ ኋላ ሲቀሩ ቆሞ ከብት ያየ እየመሰለ የሚጠብቅ ሰው ነበር። መንገድ ላይ ለእሷ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጭቃ ነው፣ በዚህ በኩል እለፊ» አላት።

የጠሪዋ ቤት ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ ባህር ዛፍ ጀርባ ያለ ተራ ሳር ቤት ነው። እኔ ምን እንደምጠብቅ አላውቅም፤ የተለየ ነገር ግን አልነበረም። ደጁ ላይ ዶሮዎች፣ የተሰጣ በቆሎ፣ የታሰረ ጥጃ። ጠሪዋ ደግሞ ጉንፋን የያዛት አጭር አሮጊት ናት፤ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን እየጠረገች ተቀበለችን። «ትናንት ብትመጡ ጉሮሮዬ ደህና ነበር» አለች፤ ዘፈን እንድትዘፍን የጠራናት ይመስል።

ውስጡ መስኮት የለውም። እርጥብ ሳር ተጎዝጉዟል፤ በቅል ማር የተበጠበጠበት ውሃ ተቀምጧል። ጠሪዋ የሟቹን እናት ስም፣ የአባቱን ስም፣ የጎሳውን ስም ጠየቀችና በጓዳው በር ላይ ከተሰቀለው ቁርበት ጀርባ ገባች። ለረጅም ጊዜ ምንም አልሰማንም። ጥጃው ውጭ ይጮኻል። እኔ ዓይኔን ቁርበቱ ላይ ተክዬ የሚነቃነቅ ነገር ካለ እጠብቃለሁ።

ኋላ ድምፅ መጣ። ቀጭን፣ በአፍንጫ የሚወጣ፣ ከፉጨት ብዙ የማይርቅ ድምፅ ነበር። በኦሮምኛ ነው የተናገረው።

«ሃርሜ» አለ። እናቴ ማለት ነው።

አሮጊቷ ሁለት እጇን መሬት ላይ አሳረፈች። «ልጄ፣ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።» ድምፁ አፍንጫውን ሳበ።

አሮጊቷ ወደ ልጇ ዞራ «ጉንፋን ይዞታል» አለችው በሹክሹክታ። ሰውየው መሬት መሬት አየ። እኔ ከንፈሬን ነከስኩ፤ ጎረቤቴን ማየት ግን አልደፈርኩም።

«ሰው ነበረህ፣ ልጄ? ማን ቀበረህ?»

«የማላውቃቸው ሰዎች።»

«ተርበህ ነበር?»

«ጠምቶኝ ነበር።»

ይህን ጊዜ አሮጊቷ ቅሉን አንሥታ ማር ውሃውን በሳሩ ላይ በቀስታ አፈሰሰች። ሳቄ ጠፋ። ከቁርበቱ ጀርባ ማንም ይሁን ማን፣ ያ ውሃ ለሚጠጣው ሰው እየተሰጠ እንደነበር አሁንም ይሰማኛል።

ከዚያ ወንድሙ ጉሮሮውን ጠረገ። ደንቡ ነው፤ ቤቱን ለማን ትተሃል ብሎ መጠየቅ ያለበት እሱ ነበር። «ወንድሜ» ብሎ ጀመረ።

«ከዚያ በፊት እኔ ልጠይቀው» አለች ጎረቤቴ።

አማቷ እጇን ያዘቻት። «ሚስት አትጠይቅም። መልሱን ሰምታ ነው የምትነሣው።»

 ከቁርበቱ ጀርባ አፍንጫ ሲሳብ ተሰማ፤ ከዚያም ያ ቀጭን ድምፅ «ትጠይቅ» አለ።

ጎረቤቴ ተነሥታ ቆመች። ትምህርት ቤት መነባንብ እንደሚባል በጠራ ድምፅ ነው የተናገረችው። «ስትሄድ በር ላይ ቆመህ የነገርከኝን እናትህና ወንድምህ ፊት ድገመው። ብቀር ቤቴን አትዝጊ፣ ልጆቼን ከትምህርት ቤት አታውጪ፣ አንቺም ከማንም ቤት አትግቢ አላልከኝም?»

 ጥጃው እንኳ መጮኹን ተወ። ወንድምየው የራሱን እጆች ያያል። አማቷ አፏን ከፍታ ቁርበቱን ታያለች።

«ብያለሁ» አለ ድምፁ። «እንዳልኩት ይሁን።»

ያን ጊዜ ነው አሮጊቷ ለቅሶዋን የለቀቀችው። ዓመት ሙሉ ልታለቅሰው የፈለገችውን ሁሉ አለቀሰች። ልጇ በትከሻዋ ያዛት። ፊቱን ትክ ብዬ አየሁት፤ ቁጣ አላገኘሁበትም። ሸክም ይዞ ቆይቶ አውርድ የተባለ ሰው ይመስል ነበር። ጎረቤቴ እንደቆመች ናት።

ጠሪዋ ብዙ ቆይታ ወጣች። በላብ ተጠምቃ፣ ዓይኗን እያጨነቆረች ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀመጠችና ሱረቷን በአፍንጫዋ ሳበች። ሌሎቹ እስኪጽናኑ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዳግም የማላገኘው ዕድል ስለመሰለኝ ጠየቅኋት።

«አኮ» አልኳት፣ አያቴ ማለት ነው፤ «ሲመጣ ይታይሻል?»

«አይታይም።»

«እንዴት ታውቂዋለሽ ታዲያ?»

«ይከብዳል።» ትከሻዋን ነካች። «ልጅ አዝለሽ ታውቂያለሽ? ነቅቶ ሳለ ይቀላል። እንቅልፍ ሲወስደው ይከብዳል። እንደዚያ ነው።»

«የሚናገረውን አንቺ ትሰሚያለሽ?»

አየችኝና ሳቀች። ጥርስ የላትም። «አንቺ የማን ልጅ ነሽ? አማሮች ለምን እንዲህ ትጠይቃላችሁ? የሰማሁትን ረሳሁት። አፌ የኔ ነው፣ ነገሩ የኔ አይደለም።» ከዚያ አስነጠሳት።

በመመለሻችን አማቷና ልጇ ወደ አገራቸው ታጠፉ፤ እኔና እሷ ብቻችንን ወደ ነቀምቴ ተጓዝን።  አንድ ጥያቄ ግን አላስቻለኝም።

«በእውነት ሲሄድ እንደዚያ ብሎሽ ነበር?»

«አላለኝም» አለች። «ብትቀር ምን ልሁን ብዬ ልጠይቀው አስቤ ነበር። ቸኮለ፤ በቅሎዎቹ ቆመው ነበር።»

ቆም አልኩ። «እንግዲያስ እሱ አልነበረም ማለት ነው።»

«እሱ ካልነበረ እሺ ያለኝ ማን ነው?»

«ጠሪዋን ቀድመሽ አግኝተሻታል?»

«በዓይኔ ያየኋት ዛሬ ነው።»

ትዋሻለች ብዬ አላመንኩም፤ ዛሬም አላምንም። ግን ከቁርበቱ ጀርባ ያለችው አሮጊትም ሴት ናት፤ ጥያቄውንም ሰምታለች። መልሱ የማን እንደሆነ ለማወቅ የሚያስፈልገው ምን እንደሆነ በዚያ መንገድ ላይ አሰብኩ፣ አላገኘሁትም።

«እሱ ከነበረ ግን…» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት።

መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ጫማዋን አውልቃ ውስጡ የገባውን ጠጠር አራገፈች፤ መልሳ ለማድረግ አልቸኮለችም።

«እሱ ከነበረማ ሞቷል» አለች። «ቃሉን ልይዝ ኤኬራውን ልተው አልችልም፤ አብረው ነው የሚመጡት። ዓመት ሙሉ ያየ ሰው ይምጣ ስል ነበር። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ሞቷል።»

  ጫማዋን አጠለቀች፤ ተነሣን። የቅቤ ዋጋ መጠየቁን ረሳሁት።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ከተማ ገባ። በሳምንቱ መጨረሻ ከቤተ ክርስቲያኗ አንድ ሽማግሌ መጡ። ማንበብ ያስተማሯት፣ የዳሯትም እሳቸው ናቸው። ያን ቀን የባሏ ወንድም ከገጠር መጥቶ የመንገዱን በኩል አጥር እያደሰ ነበር፤ የወንድሙን ቤት አልተውም ሲል። መስኮቱ ክፍት ስለሆነ እንጨቱን በገመድ ሲያስር የሚያቃስተው ሁሉ ይሰማናል። እኔ ልነሣ ስል ሽማግሌው ተቀመጪ አሉኝ።

«እህቴ፣ ሄደሻል ይባላል።»

«ሄጃለሁ፣ አባባ።»

«ሰው ሲጨነቅ ይሳሳታል። አንድ ነገር ብቻ በይኝ፤ የሰማሽው ባልሽ አልነበረም፣ አሳሳች መንፈስ ነው በይ። ከጉባኤው ፊት ንስሐ ትገቢያለሽ፤ ከዚያ ያበቃል።»

አየኋት። ውጭ የገመዱ ድምፅ ቆሟል። ሽማግሌው ወደ መስኮቱ አላዩም፤ እሷም አላየችም። አልነበረም ብትል የኤኬራው ቃል ባዶ ይሆናል፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው ሰው ባይፈልግ እንኳ ወገኑ እንዲወርሳት ያስገድደዋል።

«ባሌ ነበር» አለች።

«ታምኛለሽ?»

«ባሌ ነበር፣ አባባ።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ብዙ ጊዜ አዞሩት። «እንግዲያ ከጌታ ማዕድ ርቀሽ ትቆያለሽ» አሉ በመጨረሻ። «እስከ መቼ እንደሆነ አላውቅም። አዝናለሁ።» ሲወጡ የልጆቹን ራስ ዳሰሱ። ውጭ የአጥሩ ሥራ ቀጠለ።

እኔ ነገሩን ይዤ እንደገና ወደ እናቴ የነፍስ አባት ሄድኩ። ማን እንደሆነ ሳልናገር ነገርኳቸው። «ሰይጣን ነው፤ የሞተን ሰው ድምፅ ይዞ ይመጣል» አሉ።

«ሰይጣን ከሆነ ለምን አንዲት ሴትና ልጆቿን የሚጠቅም ነገር ተናገረ?»

መስቀላቸውን አነሡ፤ ግን አላሳለሙኝም። ትንሽ አስበው «እሱን እኔም አላውቅም» አሉኝ። ከጠየቅኋቸው ሁሉ በጣም ያከበርኩት መልስ ያ ነው። ከዚያ በኋላ በመምህርነት ዘመኔ ብዙ ከተሞች ዞሬ፣ ጊምቢም ደምቢ ዶሎም አስተምሬ፣ ስለ ኤኬራ ያልጠየቅሁት አዛውንት የለም። የነፋስ ያህል ነው ያለኝ አለ፤ ከሞተ ሰው ጥርስ የሚወጣ እስትንፋስ ነው ያለኝ አለ፤ አንዲት ሴትዮ ደግሞ ሰው ሲሞት ያልተናገረው ነገር ነው አለችኝ። የትኛው ልክ እንደሆነ አላውቅም። ሁሉም ግን ስለ አንድ የሚያውቁት ሰው እያሰቡ ነበር የመለሱልኝ።

ጎረቤቴ ሽማግሌው በሄዱ ማግሥት በአጥሩ ቀዳዳ መጣች። የሥራ መቀሷን ይዛለች። በርጩማ አውጥታ ጓሯችን ላይ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች።

«ቁረጪልኝ» አለች።

የባል ሐዘን የምትቀመጥ ሴት ጸጉሯን የምትቆረጠው በለቅሶው ቀን ነው። እሷ ከዓመት በኋላ ነበር የመጣችው። ሹሩባዋ ረጅም፣ ወፍራም ነበር፤ እንደ ሴቶቹ ሁሉ ትኮራበት ነበር። ከየት እንደምጀምር ስላላወቅሁ አንዱን ጉንጉን በእጄ ይዤ ቆምኩ።

«ሙሉውን ነው?»

«ሙሉውን። ለጨርቅ እንደምትጠነቀቂው አትጠንቀቂ።»

መቀሱ ስለታም ነበር። ጉንጉኖቹን አንድ በአንድ ቆርጬ ጉልበቷ ላይ አኖርኳቸው፤ እሷም ደራርባ አስተካከለቻቸው። እናቴ ከጓዳ ወጥታ ቆመች፤ ማንም ሳይነግራት ገባት። ሄዳ ጥቁር ነጠላዋን ከሳጥን አውጥታ ትከሻዋ ላይ ጣለችላት፤ «ነፍሱን ይማር፣ ልጄ» አለቻት። እንደዚያ ሲሏት ዓመት ሙሉ «ያየ ሰው ይምጣ» ትል የነበረችው ሴት በዚያን ቀን «አሜን» አለች።

ተነሥታ የተቆረጠውን ጸጉሯን በጨርቅ ጠቀለለችና በቀዳዳው አለፈች፤ እኔም ተከተልኳት። ልጆቹ ደጅ ላይ ነበሩ። ትልቁ ዝም ብሎ አያት። ትንሹ ግን ያን የተከረከመ ራስና ጥቁር ልብስ ሲያይ ጮኾ ወደ ቤት ገባና ከስፌት መኪናው ጀርባ ተደበቀ። አልተከተለችውም። ደፉ ላይ ተቀምጣ በስሙ ጠራችው፤ ድምፅዋን ሲሰማ በመጀመሪያ ዓይኑን፣ ከዚያ ራሱን ብቅ አደረገ። ቀስ እያለ መጣ። ጎንበስ አለችለት፤ መዳፉን አናቷ ላይ አሳረፈና ግራና ቀኝ አሸው። ሸካራ ነበር መሰለኝ፤ ሳቀ፣ ከዚያ ወንድሙን «ና አንተም ንካ» ብሎ ጠራው።